ለሁሉም የተዳረሱ አምፖሎች

የታናሽ ወንድሜ እጆች ትልልቅ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ጎማ ሲፈቱና ሲያስሩ የኖሩ እጆች። በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ግን የባቄላ ፍሬ የምታክል አምፖል በሁለት ጣት ጫፍ ይዘው፣ እንዳትሰበር እየተጨነቁ ከመያዣዋ ይስቧት ነበር። የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ፎጣ አንጥፌለት ነበር። በፎጣው ላይ የመኪናው ዳሽቦርድ በግንባሩ ተደፍቷል። የፍጥነት፣ የነዳጅና የሙቀት መርፌዎቹ ወደ ታች ሆነው፣ አምፖሎቹ የሚሰኩበት አረንጓዴ ጀርባ ወደ ላይ ይታያል። ብሎኖቹን እኔ በወጡበት ቅደም ተከተል ትንሽ ሳህን ላይ ደርድሬለታለሁ፤ ካልደረደርኩለት መጨረሻ ላይ አንድ ብሎን መትረፏ አይቀርም።

«እትዬ፣ ይቺን እዪያት» አለኝ። አሮጌዋን አምፖል ወደ መስኮቱ አድርጎ፣ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ተመለከታት። «መስታወቷ እኮ ጠቁሯል። በዚህ ብርሃን ታዲያ ምን ይታያል?»

እውነቱን ነው፣ ጠቁሯል። እኔ ግን ያየሁት የክንዱን ርዝመት ነው።

ወንድሜ ሾፌር ነው። አሮጌ ነጭ ሚኒባስ አለችው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ኩላሊታቸውን የታመሙ አራት ሰዎች እኩለ ቀን ላይ ከየቤታቸው ለቅሞ ክሊኒክ ያደርሳል፤ እጥበታቸውን ሲጨርሱ አመሻሽ ላይ ይመልሳቸዋል። አራት ዓመት ሞላው። ሰዎቹ ሲወጡ ይደክማቸዋል፣ ይበርዳቸዋልም። ስለዚህ እሱ ቀድሞ ማሞቂያውን ከፍቶ ይጠብቃቸዋል። የማን ቤት ስንት ደረጃ እንዳለው በቃሉ ያውቃል። ከአራቱ አንዱ የሆኑት ጡረታ የወጡ መምህር ቤት አሥራ አራት ነው፤ ሰባተኛው ላይ ቆመው እንደሚተነፍሱም ያውቃል። ከዚያች ምልልስ ሌላ ሥራ የለውም፤ ቢሰጡትም የሚቀበል አይመስለኝም።

የአምፖሉ ነገር የመጣው እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ፣ ምሽት ላይ ሲነዳ የዳሽቦርዱ ቁጥሮች አልታይ አሉት። ሩቁን እንደሆነ ማንም አይቀድመውም፤ የሱቅ ማስታወቂያ ከመንገዱ ወዲያ ማዶ ሆኖ ያነባል። አፍንጫው ሥር ያለው መርፌ ግን ጠፋበት። ከአራቱ ሰዎች አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁልጊዜ ከፊት፣ ከእሱ ጎን ነው የምትቀመጠው። እሷ ታነብለት ጀመር። «ጋሼ፣ ስልሳ ላይ ነህ። ነዳጅህ ከግማሽ ወርዷል።» መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ ኋላ ሥራዋ ሆኖ ቀረ።

ሚስቱ ደግሞ አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ የጨለመው ዳሽቦርዱ ነው ወይስ ዓይንህ?» ብላ እየጎተተች የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ የቅርብ ማያ መነጽር እንዲገዛ ቁጥሩን ጽፎ ሰጠው። ወንድሜ ወረቀቱን አራት ላይ አጠፈና ከመኪናው የፀሐይ መከለያ ጀርባ ሸጎጠው። ከዚያ ሄዶ የኤልኢዲ አምፖል ገዛ።

እሽጉ ውስጥ አሥር አምፖሎች ነበሩ። መርፌዎቹን የሚያበሩት ስድስት ብቻ ናቸው። ስድስቱን ሰክቶ ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ሲሞክር ሦስቱ በሩ፣ ሦስቱ እንቢ አሉ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ነቅሎ አገላበጣቸው፣ ተነፈሰባቸው፣ በሸሚዙ ጠረጋቸው። አንዷ ከእጁ ወደቀች። አንስቶ መልሶ ሲሰካት በራች።

«ምን አደረግኋት?» አለ።

«በሌላ ጎኗ ነው የሰካሃት» አልኩት። ከወደቀችበት ሲያነሳት ፊቷ ዞሮ ነበር።

ለካስ ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል አይደለም፤ ቀኝና ግራ አለው። የቀሩትን ሁለት ገለበጣቸው፣ በሩ። ደስ አለው። አራት አምፖሎች ተረፉ።

«አስቀምጣቸው፣ ሲቃጠል ትተካለህ» አለች ሚስቱ ከበሩ ሆና።

ወንድሜ ግን ዳሽቦርዱ ላይ የቀሩትን አራት ትንንሽ መብራቶች አየ፦ የዘይት፣ የእጅ ፍሬን፣ የበርና የባትሪ ሥዕል ያለባቸውን ቀያዮች። «እነዚህስ ምን በድለው?» አለ።

ይህ የልጅነት ጠባዩ ነው። እናታችን ብርቱካን ስትከፍል ለድመቷም ድርሻ ይጠይቅ ነበር። ካደገ በኋላም ከአራት ልጆቹ የአንዱ ጫማ ሲያልቅ ለአራቱም ነው የሚገዛው። አንዱ ተለይቶ ሲቀር ማየት አይችልም። ስለዚህ ለአራቱም አዳረሰ። አሮጌዎቹን አሥር አምፖሎች «ጣያቸው እትዬ» አለኝ። እኔ መጣል ስለማይሆንልኝ ባዶ የቅባት ብልቃጥ ውስጥ ከተትኳቸው።

ዳሽቦርዱን መልሶ ገጠመ። አንድም ብሎን አልተረፈም። ቁልፉን ሲያዞር እኔም ሚስቱም በመስኮቱ በኩል እናይ ነበር። የዘይቱ መብራት ቀይ ሆነ። የእጅ ፍሬኑም ቀላ። በሩን ከፈት ሲያደርግ የበሩም በራ። የባትሪዋ ሥዕል ግን ጨለማ ነበረች።

«ባትሪዬ ደኅና ነው ማለት ነው» አለና ሞተሩን አስነሳ። ሁላችንም እንደዚያ መሰለን።

ሰኞ ምሽት ልብስ ሰፊዋ ገና ስትገባ ዓይኗን ሸፈነች አሉ። ያወራችልኝ ራሷ ናት፤ ቀሚሴን ልታሳጥርልኝ መጥታ። «ጋሼ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት ገባሁ መሰለኝ» አለችው። ወንድሜ ኮራ። አንገቱን ወደ ኋላ ለጥጦ፣ ጭንቅላቱን መደገፊያው ላይ አጣብቆ «ይኸው፣ ስልሳ ላይ ነኝ» አለ። እሷ ሰባ ላይ እንዳለ አየች፤ ደስታውን ላለማጥፋት አላረመችውም። እሱም ወዲያው እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳ።

ረቡዕ ዘነበ። አመሻሽ ላይ መንገዱ ተጨናነቀ፤ መኪናው ሁሉ እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል። ማሞቂያው ተከፍቷል፣ መጥረጊያው ይሠራል፣ የፊት መብራት በርቷል። መምህሩ ቤት ሲደርሱ ወንድሜ ሞተሩን አጠፋና እጃቸውን ይዞ አሥራ አራቱን ደረጃ አወጣቸው። ተመልሶ ቁልፉን ሲያዞር ቀጭ ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ አለ። ከዚያ እሱም ቀረ።

ሦስቱ ሰዎች ውስጥ ናቸው። ማሞቂያው ጠፍቷል። ልብስ ሰፊዋ ፎጣዋን አገጯ ድረስ ጠቅልላ «አይዞህ ጋሼ፣ አንሞትም» አለችው። ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ከኋላ ላሉት አለበሰና ዝናብ ላይ ቆሞ እጁን ያወዛውዝ ጀመር። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ገመድ አውጥቶ ከራሱ ባትሪ አስነሳለት። ቤት ሲደርሱ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይተዋል።

በማግስቱ የክሊኒኩ አስተባባሪ ደወለች። ክፉ ሴት አይደለችም። «ጋሼ፣ ሰዎቹ በሽተኞች ናቸው» አለችው። «አንድ ጊዜ ያጋጥማል። ሁለተኛ ከቆመ ግን ምልልሱን ለሌላ መኪና እሰጣለሁ፤ እንዳይከፋህ።»

ወንድሜ ሐሙስን በሙሉ ባትሪ ቤት ዋለ። ሞሉለት፣ ፈተሹለት። «ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ከእኔም ይሻላል» አለው ባለሙያው። ታዲያ ጤነኛ ባትሪ ለምን ሞተ? ዳሽቦርዱን አየ። ቀይ የለም። ዳሽቦርዱ ምንም ችግር የለም ይላል።

ዓርብ ሲመለሱ የከተማው መንገድ ለጥገና ተዘግቶ ስለነበር በአውራ ጎዳናው ዞረው መጡ፤ መኪናዋ እንደ አዲስ ከነፈች። አንዴም አላስቸገረችም። ወንድሜ በፉጨት ገባ።

ቅዳሜ ከሚስቱ ጋር ገበያ ሄዶ፣ በዝግታ አንድ ሱቅ እየቆመ አንድ ሱቅ እየሄደ፣ ሲመለሱ እንደገና ቀጭ። የሰፈር ሰው ገፍቶ አስገባለት።

ያን ቀንና እሑድን እንዴት እንዳሳለፈ ባላየው ደግ ነበር። መጀመሪያ ሬዲዮኑን ጠረጠረ፣ ነቀለው። ከዚያ ሚስቱን ጠረጠረ። «አንቺ ነሽ በሩን በደንብ የማትዘጊው፤ የውስጥ መብራት እያደረ ባትሪዬን ይጠጣዋል።»

«ረቡዕ ዕለት እኔ የት ነበርኩ?» አለች።

ከዚያ ጎረቤት ያለችውን ድመት ጠረጠረ፤ ሞተሩ ላይ ትተኛለች በሚል። ድመት ከባትሪ ጋር ምን እንደሚያገናኛት ስጠይቀው እሱም አያውቅም። በመጨረሻ የልጁን አሮጌ ደብተር አመጣና በትልልቅ ፊደል ጻፈ፦ ረቡዕ፣ ዝናብ፣ መምህሩ ኋላ፣ ቆመ። ዓርብ፣ ፀሐይ፣ መምህሩ መሃል፣ አልቆመም። ቅዳሜ፣ ፀሐይ፣ መምህሩ የሉም፣ ቆመ።

ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ከፍቶ ብዙ አሰበ። «እትዬ፣ መምህሩ መሃል ካልተቀመጡ አትሄድም ማለት ነው?»

አልቀለደም። እኔም ልስቅ ብዬ ፊቱን ሳይ ተውኩት። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። «ነገ ሰኞ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መምህሩን ደረጃው ሥር ጥዬያቸው ብቆምስ? ሌላ ሾፌር ሰባተኛው ላይ እንደሚያርፉ በምን ያውቃል?»

ሰኞ ጠዋት መኪናዋን በባትሪ ገመድ አስነስቶ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰውዬ ጋ ሄደ። ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ፊውዝ ነው የሚለው። ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይቆጣል፣ ቶሎም ይበርዳል።

ፊውዝ የመለኪያውን ሁለት ሽቦዎች ባትሪው ላይ አስነካ። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ቁጥሩ ግን አሥራ አንድ ተኩል ቮልት ላይ ቆሟል። «ዲናሞው አይሞላም» አለ። ዲናሞ ማለት ሞተሩ እያዞረው ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ነው፤ ይህን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ነዳጁን ጫን ሲያደርገው ቁጥሩ ዘለለና አሥራ አራት ገባ፤ መሙላት ጀመረ ማለት ነው። ፊውዝ ግንባሩን አከከ። ሞተሩን አጥፍቶ ሲያስነሳ ደግሞ አሥራ አንድ ተኩል።

«ጋሼ፣ ይሄ ታሟል ወይስ ተኝቷል?» አለ። «ልፈታው ነው።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እስከ ማታ።»

ወንድሜ ሰዓቱን አየ። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው። ስድስት ላይ መምህሩ በራቸው ላይ ይቆማሉ።

ፊውዝ መፍቻውን እንዳነሳ ቆም አለ። «ሰሞኑን ምን ነክተዋል?»

«ምንም። የዳሽቦርድ አምፖል ብቻ ቀየርኩ፤ እሱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

ፊውዝ መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጣ፣ ቁልፉን ሞተር ሳያስነሳ ግማሽ አዞረ፣ አየ። «የባትሪዋ መብራት የታለች?»

«አትበራም፤ ደኅና ስለሆነ።»

«ሞተር ሳይነሳም አትበራም?»

«አዎ። አስጨንቃኝ አታውቅም።»

ፊውዝ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ደገፈበት። ሲስቅ ይሁን ሲያዝን መለየት አልቻልኩም ይላል ወንድሜ። «ጋሼ፣ ሁሉንም ቀየሯቸው? የባትሪዋንም?»

«ለሁሉም አዳረስኩ።»

«እሷን መተው ነበረብዎት» አለው። ከዚያ ያስረዳው ጀመር። ዲናሞው ሞተር ሲነሳ ዝም ብሎ አይነቃም፤ መጀመሪያ ከባትሪው ትንሽ ኤሌክትሪክ ትሄድለታለች። ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ የምታልፈው ደግሞ በዚያች በባትሪዋ መብራት በኩል ነው። አሮጌዋ አምፖል ቢጠቁርም ታሳልፍ ነበር። አዲሷ ቁጥብ ናት፤ በዚያ ላይ ተገልብጣ ስለተሰካች አልበራችም፣ አላሳለፈችም። በአውራ ጎዳና ሞተሩ በኃይል ሲዞር ዲናሞው በራሱ ይነቃል፤ በከተማ ዝግታ ግን ተኝቶ ይውላል። ዓርብ ያዳነው አውራ ጎዳናው ነው።

«ቆይ» አለ ወንድሜ። «ዲናሞው ነው መብራቱን የሚቀልበው ወይስ መብራቱ ዲናሞውን?»

«መጀመሪያ መብራቷ ትቀሰቅሰዋለች፤ ከነቃ በኋላ እሱ ያጠፋታል።»

«ቀስቅሳው ያጠፋታል?»

«ያጠፋታል ጋሼ። ስትጠፋ ነው ደኅና የሚሆነው። ግን ለመጥፋት መጀመሪያ መብራት አለባት።»

ወንድሜ ይህን ሦስት ጊዜ አስደገመው። ለእኔም ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። በመሃል የገባኝ ይመስለኛል፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ይጠፋብኛል። እሱም እንደዚያው ነው መሰለኝ፤ ሲያወራው ድምፁ ወደ መጨረሻው ይቀንሳል።

ፊውዝ ሳጥኑን በረበረ፤ በዚያች ልክ አሮጌ አምፖል የለውም። የዚያን ጊዜ ነው ስልኬ የጮኸው።

«እትዬ፣ እነዚያን አምፖሎች ጣልሻቸው?»

«የቱን?»

«ጣያቸው ያልኩሽን።»

«አልጣልኳቸውም» አልኩ እንደ ጥፋተኛ።

«እግዜር ይስጥሽ» አለኝ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ብልቃጡን በሻሽ ጠቅልዬ ሄድኩ። በሰፊ እርምጃ ሄጃለሁ ባልልም፣ አልቆምኩም። ስደርስ ዳሽቦርዱ እንደገና ተፈቶ ወንድሜ ጭን ላይ ተኝቷል። ፊውዝ አሮጌዎቹን አንድ በአንድ እየፈተሸ አራተኛዋን መረጠ። ሰካት። ቁልፉን አዞረ። የባትሪዋ ሥዕል ቀይ ሆና በራች። ሞተሩን ሲያስነሳ ብልጭ ብላ ጠፋች።

«ቁጥሩን ያንብቡልኝ» ብሎ መለኪያውን ለወንድሜ ሰጠው።

ወንድሜ ክንዱን ዘረጋ። አልበቃም። አንገቱን ለጠጠ። «አሥራ... ዘጠኝ» አለ።

ፊውዝ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ መሬት አየሁ። «አሥራ አራት ነው ጋሼ። አሥራ ዘጠኝ ቢሆን ኖሮ ባትሪው ፈልቶ ነበር» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አምፖሎቹ እኮ መጀመሪያም ምንም አልሆኑም ነበር» አለው።

ወንድሜ ሰማ። ጆሮው ቀላ። ብሎኖቹን ማሰር ጀመረ። አምስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር፤ በስድስት መምህሩ በር ላይ ደረሰ። ያን ምሽት በከተማው ዝግታ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ መምህሩን ኋላ አስቀምጦ ሁሉንም በየቤታቸው አደረሰ። በየቤቱ ሞተሩን እያጠፋ በየቤቱ አስነሳው፤ ማጥፋት ሳያስፈልገው ነው ያጠፋው ትላለች ልብስ ሰፊዋ። ሲያስነሳ ሁሉ ቀዩዋን ይጠብቃታል። «በራች?» ይላታል። «በራች ጋሼ።» «ጠፋች?» «ጠፋች።» አስተባባሪዋም ሁለተኛ አልደወለችም።

ማክሰኞ ሥራ የለውም። ሚስቱ ወረቀቱን ከፀሐይ መከለያው ጀርባ ራሷ አውጥታ በሸሚዙ ኪስ ከተተችለትና ኪሱን ቆለፈችው። «ዛሬ መነጽር ሳትገዛ እዚህ ቤት እንዳትገባ» አለችው።

«እሺ አልኩ እኮ።»

እሺ ያለው ከልቡ ነበር። ፀጉሩን አበጥሮ ነው የወጣው። መነጽር ቤቱ ከመኪና መለዋወጫ ሱቁ ጎን ለጎን ነው፤ አንድ ግድግዳ ነው የሚለያቸው።

ምሳ ሰዓት ገደማ መጣ። እኔ በረንዳ ላይ የቀሚሴን ጠርዝ እሰፋ ነበር። ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ ቆመ። ፊቱ ላይ መነጽር የለም።

«መነጽሩስ?»

«ሰው ሞልቶበት ነበር» አለ። «ቆሜ ስጠብቅ...» ቀሪውን አልጨረሰም። ከኪሱ ትንሽ እሽግ አወጣና ከዓይኑ አራቀው፤ ደግሞ አራቀው። ከዚያ ወደ እኔ አቀረበው። «እትዬ፣ ስንት ነው የሚለው?»

«ሁለት» አልኩት። «የታርጋ መብራት ይላል።»

«አዎ፣ ለታርጋዋ ነው» አለ፣ ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን የኋላ ክፍል እያየ። «ሁሉም ሲቀየርላቸው እሷ ብቻ ምን በደለች?»

ካቻቢቴውን ለማምጣት ወደ ቤት ገባ። የመኪናዋ በር ክፍት ነበር። ልዘጋው ስጠጋ የፀሐይ መከለያው ትንሽ ከፍ ብሎ አየሁት። ከጀርባው ወረቀቱ፣ እንደ ድሮው አራት ላይ ታጥፎ፣ ተሸጉጧል።